ባይፓስ የተሠራለት ሰው ሀርት አታክ ሲይዘው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ መሀል በሚገኝ የልብ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ከአስታማሚዎች ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

አባታችን ባይፓስ ተሠርቶላቸው ድነው ነበር። እንዴት እንደገና ሀርት አታክ ይይዛቸዋል?

ባይፓስ በሽታውን አይነቅለውም፤ ደሙ በሽታውን ዞሮ የሚያልፍበት መንገድ ይሠራለታል እንጂ። ቸርችል ጎዳና ፖስታ ቤቱ ጋ ተዘጋ እንበል። ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው መኪና በሌላ በኩል ዞሮ ይደርሳል፤ መንገዱ ላይ የተከመረውን ድንጋይ ግን ማንም አላነሳውም። ልብም እንዲሁ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከእግር ወይም ከደረት የወሰደውን ሥር ከጠበበው ቦታ በታች ይሰፋዋል። የጠበበው ቦታ እንደ ጠበበ ይቀራል፤ ያጠበበው ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራም ካልተገቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ "ድነው ነበር" ከማለት "ተሽሏቸው ነበር" ማለቱ ይሻላል።

አደጋው በሦስት በኩል ይመጣል። የተቀጠለው ሥር ራሱ ይዘጋል፤ ወይም ቅጥያው ከተሰፋበት በታች ያለው የተፈጥሮ ሥር እየባሰበት ይሄዳል፤ ወይም ያን ጊዜ ደህና ነው ተብሎ ያልተነካ ሌላ ሥር ከዓመታት በኋላ ይጠብባል። ሐኪሙ "የትኛው ነው?" እያለ የሚጨነቀው ሕክምናው እንደ መልሱ ስለሚለያይ ነው።

ሰው "የልብ ድካም" ይላል። ከሀርት አታክ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ነገር ግን በሬዲዮም በጋዜጣም ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ቤተሰብ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ሀርት አታክ ልብን የሚመግብ ደም ቅዳ ሥር በድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ መሞት ሲጀምር ነው። የልብ ድካም ደግሞ ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ሲቀንስ የሚመጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥርና እግር የሚያሳብጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ የሚጠና ሕመም ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊያስከትል ይችላል።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ስትደርሱ የበሽታ ስም ለማግኘት አትድከሙ። "ባይፓስ ተሠርቶላቸዋል፤ ደረታቸውን ማመም የጀመራቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው" በሉ። ይህ ከማንኛውም ስም ይበልጥ ይረዳናል።

የተቀጠለው ሥር ስንት ዓመት ያገለግላል?

ከየት እንደ ተወሰደ ይለያያል። ከደረት አጥንት በስተግራ፣ ከውስጥ በኩል የሚወርደው ደም ቅዳ ሥር፣ ሐኪሞች "ሊማ" የሚሉት፣ ጽኑው እርሱ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ክፍት ሆነው ይገኛሉ። ከእግር የተወሰደ ደም መላሽ ሥር ግን በ10 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ይዘጋል ወይም ክፉኛ ይጠብባል። ከክንድ የሚወሰደው ደም ቅዳ ሥር በሁለቱ መካከል ነው።

የእግሩ ሥር ጥፋቱ የራሱ አይደለም። የተፈጠረው በዝቅተኛ ግፊት ወደ ልብ ለሚመለስ ደም ነው፤ ልብ ላይ ሲሰፋ ያልለመደውን ብርቱ ግፊት ይሸከማል። በመጀመሪያው ወር ከተዘጋ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ደም ነው። ከዚያ እስከ ዓመቱ ድረስ የውስጥ ግድግዳው እየወፈረ ይጠብባል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቅባት ይጠራቀምበታል፤ ይህም ቅባት ለስላሳና በቀላሉ የሚፈረፈር ነው። "የሚፈረፈር" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ስለ ካት ላብ፣ የተዘጋ የልብ ሥር በቱቦ ስለሚከፈትበት ክፍል፣ ስናነሳ እንመለስባታለን።

ታዲያ ለምን የእግር ሥር ይጠቀማሉ? አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ይህን ዘዴ ከጀመረበት ከ1967 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ወዲህ የእግር ሥር ከሥራ ያልወጣው ረጅምና ለመውሰድ የሚቀል ስለሆነ ነው። ሦስትና አራት ቅጥያ ለሚያስፈልገው ሰው ከደረት የሚገኘው ብቻ አይበቃም።

ምልክቱ ከመጀመሪያው ጊዜ ይለያል?

ብዙዎች ራሳቸው ያውቁታል፤ "ያው የዚያን ጊዜው ነው" ይላሉ። ደረት መሀል ላይ የሚጫን፣ የሚጨመድድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ነው። የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ የሚያመጣው ሕመም ሌላ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ወይም ሰውነት ሲዞር ይብሳል፣ በአንድ ነጥብ ላይ ይወሰናል። ጥርጣሬ ካለ ግን ፍርዱን የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለሚያነሣው ምርመራ፣ ለኢሲጂ፣ ተዉት።

ስኳር ያለባቸው፣ አረጋውያንና ሴቶች ደረታቸውን ምንም ላያማቸው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልታወቀ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በእግራቸው ይወጡ የነበሩ አባት ከሳምንት ወዲህ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመው ካረፉ፣ "አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱ ማንን አያስተነፍስ" ብላችሁ አትለፉት። ዳገቱ የዱሮው ዳገት ነው፤ የተለወጡት እርሳቸው ናቸው።

ዘግይተው የመጡ ሰዎችን "እስካሁን ምን ስታደርጉ ቆያችሁ?" ስላቸው ታሪኩ ይመሳሰላል። ብርድ መታኝ ተብሏል፣ ጨጓራ ነው ተብሏል፣ አምቦ ውሃ ተጠጥቷል፣ ዝንጅብል ተፈልቷል፣ ጀርባ ታሽቷል። አምቦ ውሃ አይገድልም፤ የሚገድለው አምቦ ውሃው እስኪሠራ የሚጠበቀው ሰዓት ነው።

ሌሊት ቤት ውስጥ ቢነሳባቸው መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ስልክ አንሡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። አንዱ እስኪመጣ ተደግፈው ይቀመጡ እንጂ ወዲያ ወዲህ አይበሉ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ በእግራቸው አታስወርዷቸው፤ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ተሸክማችሁ አውርዱ። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ መኪና ያለው ጎረቤት ቀስቅሱ። መሪውን ግን እርሳቸው አይያዙ፤ "እኔ ደህና ነኝ፣ ራሴ እነዳለሁ" የሚሉ አባት አጋጥመውኛል።

አስፕሪን የሚከለክላቸው አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ከሌለ 300 ሚሊ ግራም ያህል አኝከው ይዋጡ፤ ቤት ያለው ባለ 81 ከሆነ አራት ፍሬ፣ ባለ 100 ከሆነ ሦስት ፍሬ ማለት ነው። ማኘኩ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ነው። ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን ታዞላቸው ከሆነ ተቀምጠው አንድ ይውሰዱ፤ የደም ግፊታቸው ዝቅ ካለ ወይም ራሳቸውን ካዞራቸው ይቅር። የወንድነት ብርታት የሚሰጡ እንደ ሲልደናፊል ያሉ መድኃኒቶችን ባለፈው ቀን፣ ታዳላፊል ከሆነ ደግሞ ባለፉት ሁለት ቀናት ወስደው ከሆነም ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም፤ ግፊቱ ወድቆ ሊገድል ይችላል። ይህን ጥያቄ ልጅ ለአባቱ ማንሣት እንደሚያፍር አውቃለሁ። እናንተ ካፈራችሁ ለእኛ ጠቁሙን፣ እኛ እንጠይቃለን።

ራሳቸውን ስተው ከወደቁና ካልተነፈሱ ደረታቸውን መሀል ላይ በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እያላችሁ ተጫኑ። "ደረቱ በሽቦ የተሰፋ ነው፣ ይበጠሳል" ብሎ እጁን የሰበሰበ ልጅ አይቻለሁ። ሽቦው ብረት ነው፤ አጥንቱም በወራት ውስጥ ይጋጠማል። ለቆመ ልብ ካለመጫን የሚብስ ጉዳት የለም።

ወደ የትኛው ሆስፒታል እንውሰዳቸው?

በቅርብ ወዳለው ሳይሆን በዚያ ሰዓት ካት ላቡ ወደሚሠራው። ካት ላብ የልብ ሥር በቀጭን ቱቦ እየታየ የሚከፈትበት ክፍል ነው፤ በመሀል ከተማ ርቀቱ አጭር ቢሆንም ክፍሉ በየሆስፒታሉ የለም፣ ባለበትም ባለሙያው ሌሊት ቤቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገድ ላይ እያላችሁ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ካት ላብ አላችሁ? አሁን የሚሠራ ሐኪም አለ?

ሕጉ ቀላል ነው። በኢሲጂ ሙሉ መዘጋት ከታየ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ ሥሩን በካት ላብ መክፈት ከተቻለ የሚመረጠው እርሱ ነው። ካልተቻለ የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ ወዲያው ይሰጣል። ሁለቱም ዋና ጥቅማቸው ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ እጅግ ይበልጣል። ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ኢሲጂ አንሥቶ አስፕሪን ሰጥቶ በአምቡላንስ ቢያሻግራችሁ ያተርፋችኋል። የሪፈር ወረቀት ማኅተም ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ መዞር ግን ጡንቻ ያስከፍላል፤ ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ሊከተላችሁ ይችላል።

ምን ይዘን እንምጣ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህን አጥብቄ የምመልሰው ነው። ቤተሰብ ደንግጦ ሲወጣ የሚይዘው ብዙ ነገር አለ፦ ብርድ ልብስ፣ ፓስፖርት፣ የሃያ ገጽ የደም ምርመራ፣ የሆስፒታሉ የክፍያ ደረሰኝ ሳይቀር። እኛ የምንፈልገው ግን አንዲት ገጽ ናት፦ የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት። ባንኮክ፣ ዴልሂ፣ ቼናይ፣ ኢስታንቡል፣ የትም ይሠሩ፣ ሲወጡ ይህች ገጽ ትሰጣለች። በእርሷ ላይ ስንት ሥር እንደ ተቀጠለ፣ ከየት እንደ ተወሰደና የትኛው የልብ ሥር ላይ እንደ ተሰፋ ተጽፏል።

ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? የተፈጥሮዎቹ የልብ ሥሮች መነሻቸው በሁሉም ሰው ዘንድ አንድ አካባቢ ነው፤ ሐኪሙ ዐይኑን ጨፍኖም ያገኛቸዋል ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው። ቅጥያው ግን ቀዶ ሐኪሙ በመረጠው ቦታ ላይ ነው። ሪፖርቱ ከሌለ ሐኪሙ ቅጥያዎቹ የሚነሡበትን፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ ሥር በቱቦ ጫፍ እየዳሰሰ፣ ደጋግሞ ቀለም እየረጨ ይፈልጋል። ሦስት ቅጥያ ይኑር አራት ስለማያውቅ፣ ሦስቱን ካገኘ በኋላ "ጨረስሁ ወይስ አንድ የቀረ አለ?" እያለ ይቀጥላል። ያ ሁሉ ደቂቃ ከልብ ጡንቻ ይቀነሳል፤ ያ ሁሉ ቀለምም በኩላሊት በኩል ያልፋል። ኩላሊቱ በስኳር ለተጎዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወረቀት ከሌለ ጠባሳ እናነባለን። የእግር ጠባሳ ከዚያ ሥር እንደ ተወሰደ፣ የክንድ ጠባሳም እንዲሁ ይነግረናል። ጠባሳ ግን ከየት እንደ ተወሰደ እንጂ የት እንደ ተሰፋ አይናገርም።

ሁለተኛው ደህና በነበሩበት ቀን የተነሣ ኢሲጂ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ዝርዝር ከሌላችሁ ማሸጊያዎቹን በፌስታል ሰብስባችሁ አምጡ። በኋላ ስቴንት (ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገብቶላቸው ከሆነ የስቴንቱን ካርድ፣ አንጂዮግራፊ (የልብ ሥር ቀለም ተረጭቶ የሚነሣው ምስል) ተነሥተው ከሆነ ሲዲውን ጨምሩ። ዛሬውኑ ሁሉንም ፎቶ አንሥታችሁ በሁለት ሰው ስልክ አስቀምጡ። በአንድ ሰው ስልክ ብቻ ከሆነ ያ ሰው በዚያች ሌሊት ሐዋሳ ይሆናል፤ ልማዱ ነው።

ኢሲጂው ተነሥቶ "ያን ያህል የለውም" ተባልን። ወደ ቤት እንመለስ?

አትቸኩሉ። ባይፓስ በተሠራለት ሰው ኢሲጂ አታላይ ነው። ከድሮ ሀርት አታክ የቀረ ምልክት፣ የግራ በኩል የኤሌክትሪክ መስመር መታገድ ወይም የልብ ግድግዳ መወፈር አዲሱን ለውጥ ሊሸፍኑት፣ ወይም የሌለውን እንዳለ ሊያስመስሉት ይችላሉ። የድሮው ኢሲጂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አዲሱ ነገር ብቻውን ይወጣል።

የደም ምርመራውም፣ ትሮፖኒን የሚባለው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ጡንቻ መጎዳት በደም ውስጥ እስኪታይ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ኢሲጂውም ትሮፖኒኑም ይደገማሉ። "አንዴ ሰጥተናል፣ ለምን ደግመው ይቀዳሉ? ለገንዘብ ነው" የሚል አስታማሚ ብዙ ነው። መደገሙ ነው ምርመራው።

በመርፌ ደሙን ማሟሟት ነው ወይስ በቀጥታ ካት ላብ?

ካት ላብ በጊዜ የሚደረስበት ከሆነ፣ በተለይ ባይፓስ ለተሠራለት ሰው፣ ካት ላብ። የእግር ሥር ቅጥያ ሲዘጋ በውስጡ የሚረጋው ደም ብዙ ነው፤ ሥሩ ወፍራም፣ ፍሰቱም ዝግ ያለ ስለሆነ መርፌው እንደ ተፈጥሮው ሥር አይዋጣለትም። ካት ላብ የማይደረስ ከሆነ ግን "አይሠራም" ተብሎ አይተውም፤ ይሰጣል፣ ከዚያ በሽተኛው ካት ላብ ወዳለበት ይላካል። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂው ካልተሻሻለ ወዲያውኑ፣ ከተሻሻለም በአንድ ቀን ውስጥ አንጂዮግራፊ ይደረጋል።

ቤተሰብ ሊያውቃት የሚገባ አንዲት ነገር አለች። ከመርፌዎቹ አንዱ ስትሬፕቶኪናዝ ነው። ሰውነት ይህን መድኃኒት ይለየውና መከላከያ ያበጅለታል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ዳግመኛ አይሰጠውም። ባይፓሱ ከመሠራቱ በፊት በነበረው ሀርት አታክ ጊዜ መርፌ ተሰጥቷቸው ከነበረ ስሙን ፈልጉና ተናገሩ። አእምሮ ውስጥ ደም ፈስሷቸው የሚያውቅ ከሆነ ወይም በቅርቡ ከባድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸውም በመጀመሪያው ደቂቃ ይነገር።

ካት ላብ ውስጥ የሚሠራው ከሌላው ሰው በምን ይለያል? ለምን ይህን ያህል ይቆያል?

መግቢያው ይለያል። ለሌላው በሽተኛ ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ እጅ አንጓ በኩል ይገባል። ሊማ የሚነሣው ወደ ግራ ክንድ ከሚሄደው ደም ቅዳ ሥር ስለሆነ ባይፓስ ለተሠራለት ሰው የግራ አንጓ ወይም ብሽሽት ይመረጣል። ከግራ ክንድ ሥር ተወስዶ ከነበረ ደግሞ በዚያ አንጓ መግባት አይቻልም፤ ጠባሳውን አሳዩ።

ከዚያ ምርጫ ይመጣል፦ የተዘጋውን ቅጥያ መክፈት ወይስ የተፈጥሮውን ሥር? ከተቻለ የተፈጥሮውን መክፈት ይሻላል፣ ስቴንቱ እዚያ ይበልጥ ይቆያል። ችግሩ የተፈጥሮው ሥር ከባይፓሱ በፊት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን መክፈት የሰዓታት ሥራ ነው፣ በሀርት አታክ ሌሊት የሚሞከር አይደለም። ያን ጊዜ ቅጥያው ይከፈታል። ያቆየነው "የሚፈረፈር" የሚለው ቃል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥሩን ለመክፈት በቱቦው የገባው ፊኛ ሲነፋ ቅባቱና የረጋው ደም ተፈርፍሮ ወደ ታች ይወርድና ትንንሾቹን ሥሮች ሊደፍን ይችላል፤ ትልቁ ሥር ተከፍቶ ሳለ ጡንቻው ደም ያጣል። ይህን ለመቀነስ ፍርፋሪውን የሚይዝ ትንሽ ወንፊት ከታች የሚዘረጋበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ ወጥቶ "ሥሩ ተከፍቷል፣ ፍሰቱ ግን ደካማ ነው" ሲላችሁ ይህን ማለቱ ነው፤ ሥራውን ስላላጠናቀቀ አይደለም።

ደረታቸው እንደገና ይከፈታል ማለት ነው?

በዚያች ሌሊት፣ ከስንት አንዴ። ሁለተኛ ጊዜ የሚከፈት ደረት ከመጀመሪያው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ የሚበልጥ የሞት አደጋ አለው። ልብ ከደረት አጥንት ጋር በጠባሳ ተጣብቋል፤ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ደህና ሆኖ የሚሠራው ሊማ ከሥሩ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ካት ላብ የማያቃናው ነገር ሲገኝ፣ ለምሳሌ ብዙ ቅጥያዎች ወድቀው ሊማ ገና ለቅጥያ ያልዋለ ከሆነ፣ የልብ ሐኪሞችና ቀዶ ሐኪሞች ተቀምጠው ይመክሩበታል። ያም ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ከውጭ ተሠርተው የተመለሱት ገና በሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ደረታቸውን አመማቸው። ይህም ሀርት አታክ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ተንኮለኛው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጥያ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የልብ ሽፋን ተቆጥቶም ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል፤ ይህኛው ስለታም ነው፣ ጋደም ሲሉና በረጅሙ ሲተነፍሱ ይብሳል፣ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይቀላል፣ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል። ኢሲጂው ላይ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የልብ ሽፋን ቁጣ ሀርት አታክ መስሎ ደም የሚያሟሟ መርፌ ቢሰጥ ደም በልብ ዙሪያ ሊፈስ ይችላል፤ ትኩስ ለሆነው ቀዶ ሕክምናም መርፌው ራሱ አደጋ ነው። ከረጅም በረራ በኋላ ከእግር ተነሥቶ ሳንባ የሚዘጋ የረጋ ደምም አለ።

ስለዚህ የተሠሩበትን ቀን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይታያል፣ ጥርጣሬው ቅጥያ ላይ ካመዘነ በቀጥታ ወደ አንጂዮግራፊ ይኬዳል። የሠራቸው ቀዶ ሐኪም ስልክ ወይም የኢሜይል አድራሻ ካላችሁ ያን ጊዜ ይጠቅማል።

ከዚህ ከተረፉ በኋላ መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው? ጾምስ?

አስፕሪን ዕድሜ ልክ ነው። ከእርሱ ጋር እንደ ክሎፒዶግሬል ያለ ሁለተኛ መድኃኒት፣ የመድማት ችግር ካልከለከለ፣ ለ12 ወር ይሰጣል። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን በከፍተኛ መጠን ይቀጥላል፤ ግቡ ኤል ዲ ኤል የሚባለው በዴሲ ሊትር ከ55 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ነው። "ኮሌስትሮላቸው ወርዷል" ብሎ መድኃኒቱን ማቆም ጃንጥላው ስላደረቀኝ ልጠፈው እንደ ማለት ነው። ጥርስ ለማስነቀልም ቢሆን የልብ ሐኪሙን ሳታማክሩ አስፕሪንም ክሎፒዶግሬልም አታቋርጡ። መድኃኒት ቤት ስሙን "የለም" ካላችሁ የፋብሪካውን ስም ትታችሁ የመድኃኒቱን የራሱን ስም ጠይቁ፤ ማሸጊያው ይለያይ እንጂ ውስጡ አንድ ነው። ሲጋራና ጫት ላይ ድርድር የለኝም።

ስለ ጾም፦ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናቶችም አሉ። ከሀርት አታክ በተነሣ ሰው ላይ፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት ከሚወስድ፣ እስከዚያ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት አደጋ ነው። የንስሐ አባታቸውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ እኛ ለሰዓት ብንነግራቸው የማይሰሙ እናት ከንስሐ አባታቸው በአንድ ቃል ይቀበላሉ። በእስልምናም ለሕመምተኛ ፈቃድ አለው። የጾም ምግብ ራሱ ለልብ መልካም ነው፣ ዘይቱ ካልበዛ። የሚያሠጋኝ ፋሲካ ነው፦ ሁለት ወር ገደማ ቅባት ያልነካ ሰው በአንድ ሌሊት ቅቤና ዶሮ ወጥ፣ ነጋ ሲል ጥሬ ሥጋ። ጸበልም መጠጣታቸውን አንከለክልም፤ ክኒኑ አብሮ ይዋጥ፣ የልብ ድካም ካለባቸው ግን መጠኑ ላይ ሐኪም ይጠየቅ።

የግራ እጃቸው ግፊት ከቀኙ በጣም ያንሳል፤ በግራ እጃቸው ዕቃ ሲያነሡ ደረታቸውን ያማቸዋል። ምን ይሆን?

ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቅ ሲገኝ ግን ደስ ይለኛል፣ በደንብ አይቷልና። ሊማ የሚነሣው ወደ ግራ ክንድ ከሚሄደው ሥር ነው ብለን ነበር። ያ ሥር ከሊማ መነሻ በፊት ከጠበበ ሊማም ክንዱም የሚመገቡት ከዚያው ከጠበበው ነው። ክንዱ ሲሠራ ደም ይፈልጋል፤ ከሊማም ወደ ኋላ ይስበዋል። ልብ የራሱን ደም ለክንድ ያበድራል ማለት ነው። አንጂዮግራፊ ተደርጎ "ቅጥያዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው" ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ይህ መታሰብ አለበት፤ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ የጠበበው የክንድ ሥር በስቴንት ይከፈታል፣ ደረት ሳይነካ።

የሁለቱ እጆች ልዩነት 15 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ለሐኪሙ ይነገር። ልዩነት ካለ ደግሞ ትክክለኛው ግፊት የከፍተኛው እጅ ነው። በግራ እጅ ብቻ እየተለኩ "ግፊታቸው ደህና ነው" የተባሉ አባት ቀኝ እጃቸው ሲለካ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ለክትትል ስትመጡ የሚለካው ሰው አንዱን እጅ ለክቶ መሣሪያውን ሲያነሣ ሌላውን እጃቸውን ዘርጉለት።